አሜሪካኖቹ የቀሩበት ልምምድ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2

ውጭው ከዜሮ በታች ሰባት። የመዋኛው ውሃ ሃያ ዘጠኝ፣ ሙቅ ገንዳው ሠላሳ ዘጠኝ። ጠዋት የመንደሩን መዋኛ ስከፍት አራት ሰው ገባ። የዋኘ የለም። አራቱም ሙቅ ገንዳው ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው ወሬ...

ወሬውን ያመጣችው ሃልበራ ናት። በየሁለት ዓመቱ እኛ መንደር የሚደረገው የጦር ልምምድ ዘንድሮም አለ፤ አሜሪካኖቹ ግን አይመጡም። ሌሎቹ አጋር አገሮች ራሳቸው ይወጡት ተብሏል። ኖርዌዮች፣ ዴንማርኮች፣ ሆላንዶች፣ ፖርቱጋሎች።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። የውጭ ጦር ከአይስላንድ ይውጣ እያለች ሰልፍ የጀመረችው ገና በሃያ ዓመቷ። በዓሣ መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ሳለች እንኳ ለሰልፉ ቀን ፈቃድ ትወስድ ነበር።

ፊቷ ግን ጠቁሯል።

"ሃምሳ ዓመት ሙሉ ውጡ ብዬ ጮኼባቸዋለሁ" አለች። "ሲቀሩ ለኔ እንኳ አልነገሩኝም።"

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5

ሙቅ ገንዳው ውስጥ ዛሬም ክርክር። እኔ ከላይ ቆሜ ክሎሪን እየለካሁ ጣልቃ ገባሁ። መግባት አልነበረብኝም... ጦር የለን፣ ታንክ የለን፣ ያለን ጥቂት የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከብ ነው፤ አሜሪካ እጇን ካነሳች ማን ሊደርስልን ነው? አልኩ።

ሃልበራ ማን ይመጣብናል ብላ መለሰችልኝ። ምን ሊወስድ? ነፋሱን?

ቦታችንን፣ አልኳት። ካርታ ተመልከቺ። መርከቡም ሰርጓጁም በኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። ኖርዌይና ፖርቱጋል ተሰብስበው አንድ አሜሪካ አይሆኑም።

ማታ ለባለቤቴ ለኡኑር ነገርኳት። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ናት፤ የነፍስ አድን ቡድናችንም አለቃ ናት። ዓሣዋን እየቆረጠች ሰማችኝና፣ አሜሪካኖቹን የምትወዳቸው ለመከላከያው ነው ወይስ በመጡ ቁጥር ጃኬት ስለሚሰጡህ ነው? አለችኝ።

ጃኬቱ ግን ጥሩ ጃኬት ነው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

መጡ። የትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ውስጥ አደሩ። ዛሬ ከሰዓት ሁሉንም በየተራ ገንዳ አስገባኋቸው። ደንቡ ለማንም አይለወጥም፦ ሳይታጠብ የሚገባ የለም፣ የሚታጠበውም ራቁቱን ነው። ዱአርቴ የሚባል የፖርቱጋል መቶ አለቃ በውስጥ ሱሪው ሊያልፍ ሲል መለስኩት። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አወለቀ። ጠላት ቢማርከኝ እንኳ እንዲህ አያደርገኝም አለኝ።

ልጁን ወደድኩት።

አስተባባሪዋ ኖርዌያዊት ናት፣ ሻለቃ ቶሩን። ረጅም፣ ሁልጊዜ ማስታወሻ ደብተር የያዘች። አዛዡ አንቺ ነሽ? አልኳት። አስተባባሪ ነኝ እንጂ አዛዥ አይደለሁም አለች። ታዲያ አዛዡ ማነው? አራታችንም፣ እያንዳንዳችን የአገራችንን ሰው እናዛለን አለች።

አሜሪካኖቹ ሲመጡ በነበረ ጊዜ ኮሎኔላቸው ካርታው ላይ ጣቱን ያስቀምጣል፤ እዚህ ይላል፤ አለቀ። አሁን የእራት ሰዓት ለመወሰን ስብሰባ ተቀምጠዋል። ሆላንዶቹ በአስራ ሁለት ሰዓት መብላት ይፈልጋሉ፣ ፖርቱጋሎቹ በሦስት። ሁለት ጊዜ ተበላ። ዴንማርኮቹ ሁለቱም ላይ ተገኙ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 11

ሁሉም በሕይወት ተገኙ። ዛሬ አልጽፍም። ነገ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ትናንት ጠዋት ሃልበራ ገንዳ አልገባችም። በሩ ላይ ቆማ ወደ ተራራው ታያለች። ከእኩለ ቀን በፊት ተራራው በበረዶ ነፋስ ይዘጋል፣ እነዚያን ልጆች ወደ ላይ እንዳይልኳቸው አለች። የስልኬ ትንበያ ማታ ነው የሚለው አልኳት። ስልክህ በግ ጠብቆ ያውቃል? አለችኝ። እሷ አርባ ዓመት በየመስከረሙ ተራራው ላይ ያለውን ጠፍ ሜዳ በእግሯ አስሳ በግ አውርዳለች።

ተያይዘን አዳራሹ ሄድን። ሻለቃ ቶሩን አላናናቀችንም፤ እያንዳንዷን ቃል ጻፈች። ከዚያ አራቱ መኮንኖች ተሰበሰቡ። ሆላንዳዊው አገሩ ደወለ። ዴንማርካዊው አገሩ ደወለ። ትንበያውን አመሳከሩ፤ ያንዱ ትንበያ ካንዱ አልገጠመም። አንዱ፣ ከዚህ በፊት ይህን የሚወስነው ማን ነበር ብሎ ጠየቀ። ማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል...

የዕለቱን ጉዞ ለማስቀረት ሲስማሙ ሃያ ሁለት ወታደር ወደ ተራራው ከወጣ አርባ ደቂቃ ሆኖት ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ነጭ ሆነ። የገንዳው ማዶ ጠርዝ አልታይ አለኝ። ሬዲዮው አንዴ ብቻ ሠራ፦ ሁለቱም መኪኖቻቸው በረዶ ውስጥ ተተክለዋል፣ በእግር እየሄዱ ነው። ወዴት? ተቆረጠ።

ኡኑር ትምህርት ቤቱን ለምክትሏ ትታ ቡድኑን ጠራች። ቧንቧ ሠራተኛው፣ የሙአለ ሕፃናቷ መምህርት፣ ከዓሣ ፋብሪካው ሁለት፣ እኔ። ጎማቸው ከወገብ በላይ የሚደርስ ሁለት መኪና። ሃልበራ ሳትጠየቅ ፊት ወንበር ላይ ወጣች። ኡኑር ውረጂ አላለቻትም። እኔ ልል ነበር፤ ሃልበራ አየችኝ፤ ተውኩት።

ቢጫዎቹ የመንገድ ምልክቶች እንኳ አይታዩም። ቧንቧ ሠራተኛው ከፊት በገመድ ታስሮ እየሄደ መንገዱን በዱላ ይነካል፤ እኔ ከኋላው እነዳለሁ። አንዴ ወደቀና ለጥቂት ልገጨው ነበር። ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት ነፍስ አድን ስሠራ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሃልበራ ብቻ ረጋ ብላለች። ነፋሱ ከኋላቸው ነው፣ የማያውቅ ሰው ነፋስ በገፋው ይሄዳል፣ የድሮው የበግ በረት ጋ ነው የሚወድቁት ትላለች። ባይሆኑስ? አልኳት። ባይሆኑማ ሞተዋል፣ ንዳ አለች።

በረቱ ጋ ነበሩ። ከድንጋዩ ግንብ ሥር ተጣብቀው፣ ደካሞቹን መሃል አድርገው። ዱአርቴ እየዞረ ሁሉንም በየስማቸው ይጠራል፤ መልስ ያልሰጠውን ይመታል። የአንዱ ልጅ ጣቶች በብርዱ ደም አጥተው ነጭ ሆነዋል።

ዱአርቴ ብርቱካናማ ልብሳችንን አይቶ የየትኛው ጦር ናችሁ? አለ። ከንፈሩ አይታዘዘውም።

"የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ" አለችው ኡኑር። "እሱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ግባ።"

ሦስት ጊዜ ተመላለስን።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 15

የልጁ ጣቶች ተርፈዋል። ሃልበራ ቤት ስድስት ፖርቱጋሎች የበግ ሾርባ ሲበሉ አገኘሁ። ጦር አልወድም፣ እነዚህ ግን ልጆች ናቸው አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 19

ሻለቃ ቶሩን ብቻዋን ገንዳ መጣች። ሙቁ ውስጥ ሃልበራ አለች። ፎጣ የማጥፍ መስዬ ቀረብ አልኩ።

ቶሩን ይቅርታ ጠየቀች። ሰው አልጎደለንም፣ መኪና አልጎደለንም፣ ብር አልጎደለንም አለች። "እያንዳንዳችን ሌላ ሰው እስኪወስንልን ስንጠብቅ ነበር። ልማድ ሆኖብናል።"

አሁን የጦር ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት መጋዘን እዚህ ሊሠሩ ይፈልጋሉ። ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ... አሜሪካ ብትመጣ እሰየው፣ ብትቀርም ልምምዱ እንዳይቀር። መንደሩ ድምፅ ይስጥበት ተብሏል።

የሃልበራን ፊት አየሁት። ምንም አይነበብበትም። ስወጣ ግን ጠራችኝና፣ አንተስ ምን ትላለህ ኬቲል? አለችኝ። ባወቅኋት ዘመን ሁሉ ጠይቃኝ አታውቅም።

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው። አሜሪካ ያለ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን አይወስደኝም። ግን ያ እንቅልፍ... ጥሩ ነበር ወይ?

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 21

ስብሰባ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት። ዴንማርኮቹ ኬኩን ቀድመው ጨርሰውታል።

መጋዘን ካለ ጠላት ቀድሞ የሚመታው እኛን ነው ያለ ነበር፤ ሞኝ ነገር አልተናገረም። ከሌለስ ማን ደርሶ ያድነናል ያለም ነበር። እኔ ተነስቼ እኛ ትንሽ ነን፣ ትልቅ ጓደኛ ያስፈልገናል አልኩ። ከዚያ ግን፣ ጓደኛው ባልመጣ ቀን ምን እንደምናደርግ ማወቅም ያስፈልገናል ብዬ ጨመርኩ። ይሄኛውን አላዘጋጀሁትም ነበር። ኡኑር ቀና ብላ አየችኝ።

ቀጥላ ሃልበራ ተነሳች።

"ጦር አልወድም። እስክሞት አልወድም" አለች። "ግን እኛ አገር የሚመጣ ጦር በኛ ሰማይ ሥር ነው። ወደ ተራራው መውጣትና አለመውጣቱን የሚናገረው የመንደሩ ሰው ይሁን። ይሄ ይጻፍና እጄን አነሳለሁ።"

ተጻፈ። አነሳች። መጋዘኑ ጸደቀ።

ነጋሪው ማን ይሁን ተብሎ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገም። ሃምሳ ዓመት "ውጡ" ስትላቸው የኖረች ሴት፣ "አትውጡ" የማለት ሥልጣን ተሰጣት። ፈገግታዋን ለመደበቅ አፍንጫዋን ተናፈጠች።

ማክሰኞ፣ ማርች 17

ቶሩን ሠላሳ ሰው ይዛ ተመልሳለች። ዱአርቴም አለ። ጠዋት ሁሉም ጫማውን አስሮ፣ ጓዙን ተሸክሞ በር ላይ። ሃልበራ ወጣች፣ ተራራውን አየች፣ ዛሬ አይሆንም አለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አንዱ አጉረመረመ። ቶሩን የማንንም ፊት አላየችም፤ አገሯም አልደወለችም። ጓዝ አውርዱ አለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሳ። ያኔ ሁሉም ሙቅ ገንዳ ውስጥ ነበሩ። ታጥበው።

ከሰዓት ቢሮዬ ስልክ ተደወለ። ከዋና ከተማ፣ ከሚኒስቴሩ፣ ወጣት ድምፅ። ልምምዱ ለምን እንደቆመ ሪፖርት ይጽፋል። እዚያ ኃላፊው ማነው? አለኝ። ኖርዌዮቹ ናቸው ወይስ ሌላ? አሜሪካኖቹ ሰው ልከዋል እንዴ?

በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። ኡኑር ገመድ ትቋጥራለች። ሃልበራ ከዱአርቴ ጋር ትጨቃጨቃለች። ቶሩን ደብተሯ ረጥቦባታል።

"እኛ ነን" አልኩት።

ማን ማን? አለኝ፣ ሊጽፍ።

ቁጭ ብዬ ስማቸውን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። የራሴን መጨረሻ ላይ አስገባሁ።