ፍሬኑን ያልተጠየቀው አውቶቡስ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ቀለሙ፣ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያችን ኃላፊ፤
ደሴ።

አላህ ጤናዎን እንደ ማኅተምዎ ያጠንክርልን እያልኩ፣ ከጣቢያዎ አጥር ማዶ ጎማ የምለጥፈው ዘይኑልአቢዲን፣ ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለቀ ብዕሬን እንዲታገሡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቀድማል። ከእርስዎ በፊት የነበሩት መርማሪ አቶ በላቸው፣ አውቶቡሱን አሸዋ በሞላ ጆንያ ጭነው የሐረጎን ቁልቁለት እየነዱ፣ ፍሬኑ ሲግል ይይዝ እንደሆነ ለማየት ግማሽ ቀን ይፈጁ ነበር። እርስዎ ግን ጊዜ የሚበላውን ፈተና ሁሉ ከምርመራው አውጥተው መብራት፣ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያ ብቻ አስቀሩልን። የመኪናው ሰልፍ እንደ በረዶ ቀለጠ፤ ጣቢያዎም በሥራ ቅልጥፍና ዘመቻው አንደኛ ወጥቶ ባንዲራ ተሸለመ። እኔም አጨብጭቤ ነበር፤ እጄ ላይ ማስቲሽ ስለነበር መዳፎቼ ተጣብቀው ቀሩ እንጂ እደግመው ነበር።

ሁለተኛ፣ የሰፈሬ ሰው ሹፌሩ ጋሼ ሙሄዲን፣ እርስዎ ያሳለፉትን አውቶቡስ ሰው ሞልቶ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ክላክሱ ግን አላሳፈረዎትም፤ እስከ መጨረሻው ጮኸ። ጋሼ ሙሄዲን ገደሉን ሸሽቶ መኪናውን ከተራራው ጋር አላተመና የሰውን ነፍስ አተረፈ፤ የራሱ ክንድ ተሰበረ።

ሦስተኛ፣ ወረቀትዎ «ምርመራውን በሙሉ አልፏል» ስለሚል ጥፋቱ የሹፌሩ ነው ተባለና ከነስብራቱ ታሰረ። ወረቀትዎ አልዋሸም፤ ያልተፈተነ እንዴት ይወድቃል። ባለቤቱ ጣይባ ስንቅ ይዛ በበርዎ ስታልፍ ባርኔጣዎን አንስተው ሰላም እንደሚሏትም አይቻለሁ፤ ለትሕትናዎ ቃል የለኝም።

ልመናዬ አንድ ናት፤ የአውቶቡሱ ፍሬን እንዳልተፈተነ ለፍርድ ቤቱ አንድ መስመር ይጻፉ። መጻፉ ጊዜ የሚበላ ከሆነ እኔ እጽፈዋለሁ፣ እርስዎ ማኅተሙን ብቻ ያሳርፉበት፤ በዚያ በኩል ፍጥነትዎን ማን ያማል።

ማኅተምዎ ጠረጴዛውን በመታ ቁጥር ከማዶ ሆኖ የሚደነግጥ አክባሪዎ፣
ዘይኑልአቢዲን ጎሚስታው

ግልባጭ፦
ለሐረጎ ቁልቁለት፤ ታውቀው ዘንድ

ማሳሰቢያ፦ ያው አውቶቡስ ግንባሩ ተቀጥቅጦ፣ ቀለም ተቀብቶ ትናንት ምርመራዎን ዳግም አልፏል። ዓርብ እርስዎንና ጓዶችን ለስብሰባ ኮምቦልቻ ያወርዳል ሲሉ ሰምቼ፣ ለጎማው መደገፊያ የሚሆን ጥሩ ድንጋይ ከአውቶቡሱ የፊት ወንበር ሥር አስቀምጬልዎታለሁ። ከገደሉ ተራራውን የሚመርጥልዎት ሹፌር ግን ታስሯል።