ከእናትሽ ቤት በላይ ያለው ቦይ

ውድ ቤቴል፣

ከሰላምታው በፊት ዋናውን ልንገርሽ፤ እናትሽ ደህና ናቸው፤ የጓዳውም ግድግዳ እንደቆመ ነው። በልጉ አልፏል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው። በስልክ «ሁሉ ሰላም ነው» ብልሽ፣ የሚያጽናና ሽማግሌ ሁሉ የሚለው ነውና አታምኚኝም። የሆነውን ከነስጋቱ በቅደም ተከተል ልጽፍልሽ ፈለግሁ። ነገሩ ሁሉ በዕቅዴ መሠረት ሄደ ብዬም አልዋሽሽም። አልሄደም።

አዳማ ከመመለስሽ በፊት ያደረግነውን ንግግር አልረሳሁትም። ከእድራችን ግቢ የሚወርደው ጎርፍ የሰነጠቀውን ግድግዳ ጣትሽን አስገብተሽ አሳየሽኝ። «ቲቸር፣ እማዬን ይዣት ልሄድ ነው፤ እርስዎን ስለምታከብር ያሳምኑልኝ» አልሽኝ። እናትሽ እንሰታቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ፊታቸውን ወደ ጓሮው መልሰዋል። እኔም ባልጠበቅሽው በኩል ቆምኩ። «አንድ በልግ ስጪኝ፤ ጎርፉን ከላይ እይዘዋለሁ» አልኩሽ። አንቺ ግን አይን አይኔን እያየሽ፣ «ቲቸር፣ እናቴ ላይ ነው የሚሞክሩት?» አልሽኝ።

መልስ አልሰጠሁሽም። ሳስተምር መልሱን የማላውቀው ጥያቄ ሲመጣብኝ «ነገ እመለስበታለሁ» እልና ማታ መጽሐፍ አገላብጬ እመጣ ነበር። ለዚህኛው ግን የማገላብጠው መጽሐፍ አልነበረኝም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የሰፈሩ ሰው ግቢው ውስጥ ምን እንደሚተክል፣ ውሃው በየት እንደሚሄድለት፣ የትኛው ዛፍ መሠረቱን እንደሚያናጋበት ያማክረኛል። አብዛኛው የሚጠይቀኝ ግን ስለ ዘንባባ ነው። ሐዋሳ ሆቴል አርፎ የመጣ ሰው ሁሉ ዘንባባና የተከረከመ ሣር ይመኛል። የእድራችን ዳኛ መልከጼዴቅም ከእነዚሁ አንዱ ነው። የእድሩን ግቢ እንሰትና ቁጥቋጦ መንጥሮ፣ ዳር ዳሩን ዘንባባ ተክሎ፣ የቀረውን ሲሚንቶ ሊያፈስበት ተነስቶ ነበር።

«መምህር፣ እንሰት እኮ የገጠር ነው» አለኝ። «ዲላ ከተማ ናት። እንግዳ መጥቶ ምን ይለናል?»

«ሲሚንቶ ስታፈስበት ውሃው የት ይሄዳል?»

«ወደ ታች ነዋ!»

«ታች ማን አለ?»

መልከጼዴቅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁልቁለቱን ሁልጊዜ ከላይ ሆኖ ስለሚያየው ነው። ብዙ ተከራክረን፣ የግቢውን የታችኛውን ክፍል ለእኔ ተወልኝ። «ግን ያማረ ይሁን» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ሥራውን በጥድፊያ አልሠራሁትም። ሁለት እንጨት እንደ ድንኳን አጋጥሜ፣ ከጫፋቸው ድንጋይ በገመድ አንጠልጥዬ መሬቱን እርምጃ በእርምጃ ለካሁት። ቦዩ ቁልቁል የሚወርድ ሳይሆን ቁልቁለቱን አቋርጦ የሚሄድ፣ ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት የሚያሰርግ መሆን ነበረበት። ትንሽ ካዘነበለ ጎርፉን ሰብስቦ በአንድ በኩል ይለቀዋል፤ ያ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ነው። ሁለት ጊዜ ቆፍረን፣ ልኩን ስላልወደድኩት ሁለቱንም ጊዜ አስደፈንኩት። የሚቆፍሩት ጎረምሶች ከጀርባዬ ምን እንዳሉኝ ባልጽፈው ይሻላል። በቦዩ የታችኛው ከንፈር ላይ ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዘውን የቬቲቨር ሣር አሰለፍን። ከሣሩ በታች እናትሽ ከጓሯቸው የእንሰት ችግኝ አምጥተው በእጃቸው ተከሉ። ዳር ዳሩን አበባ ያደረግሁት ለመልከጼዴቅ ስል ነው።

በሚያዝያ፣ ዝናቡ ሊበረታ ሲል፣ የደበበ እናት አረፉ። ባጃጅ የሚነዳው ደበበ፣ ከአንቺ አንድ ክፍል ቀድሞ የተማረው። የእነ ደበበ ግቢ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ የተተከለው እድሩ ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ያን ዕለት ባንኮ ጎቲቲ ገጠር ነበርኩ፤ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ለግቢው ጥላ ዛፍ እንድመርጥለት ጠርቶኝ ሄጄ። በማግስቱ ተመልሼ በቀጥታ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ተቀመጥኩና ከእግሬ ሥር ያለውን መሬት አየሁት። ደልዳላ ነው። ቦዬ የለም።

አጠገቤ ወደተቀመጠው መልከጼዴቅ ጠጋ አልኩ።

«ቦዩስ?»

«የትኛው ቦይ?»

«የተቀመጥንበት!»

«እህ፣ አግዳሚው ተንጋደደ ብለው ድንኳን ተካዮቹ ደለደሉት። ታዲያ ሽማግሌ ጉድጓድ አፍ ላይ ይቀመጥ?»

«ሰማዩን አይተኸዋል?»

«መምህር፣ በሞቴ! ሰው እያለቀሰ እርስዎ ስለ አፈር ያወራሉ?»

እውነቱን ነበር። እዚህ አገር ሐዘንተኛን ከተቀመጠበት ማስነሳት ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የማስበው አንቺን ነበር፤ ስልክ ደውዬልሽ ምን ብዬ እንደምጀምር። የድንኳኑን ሸራ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲመቱት ተነስቼ ደበበ ጎን ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ደበበ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ በዚህ ሰዓት የማይነገር ነገር ልነግርህ ነው» ብዬ የቦዩን ነገር ነገርኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። አይኑ አብጧል። «የቤቴል እናት ወርቂቱስ የት ናቸው?»

«ለለቅሶው ያዘጋጁትን ምግብ ሊያመጡ ቤታቸው ወርደዋል።»

«ብቻቸውን?»

«ብቻቸውን።»

ብድግ አለ። «አግዳሚውን አንሱ! አካፋ የት ነው ያለው?»

አንድ ሽማግሌ ክንዱን ያዙት። «አንተ፣ ትናንት እናቱን የቀበረ ሰው ዛሬ ይቆፍራል እንዴ? ነውር ነው!»

«ነውሩማ» አለ ደበበ፣ «በእናቴ ድንኳን ምክንያት የጎረቤት ቤት ቢፈርስ ነው። እናቴ ይህን ብትሰማ አትወቅሰኝም?»

አንድ ጎረምሳ አካፋ አቀበለው። ከዚያ ሽማግሌው አካፋውን ከእጁ ቀሙት። «አንተ ተቀመጥ፤ እኛ አለን» አሉት። ቤቴል፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው አግዳሚ ተሸከሙ። ጎረምሶቹ የእኔን ልክ ያውቁታል፤ የሣሩን መስመር ተከትለው ቆፈሩ። መልከጼዴቅ ሱፉን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ ገባ። «ዘንባባዬን አስቀሩብኝ፤ ዛሬ ደግሞ ሱፌን!» እያለ አፈሩን ይዝቃል። ደበበ አልተቀመጠም፤ ግን ማንም አካፋ አልሰጠው አለ።

እኔ ወደ እናትሽ ቤት ሮጥኩ፤ በዕድሜዬ ሩጫ ከተባለ። በር ላይ ድስት ይዘው አገኘኋቸው።

«መምህር፣ አንተ ለቅሶ ጥለህ መጣህ?»

«ድስቱን ያስቀምጡትና ይውጡ!»

ጎን ለጎን ዝናቡ ላይ ቆመን ወደ ላይ አየን። በመጀመሪያ ቀይ ውሃ በሣሩ መሐል ሾልኮ መጣ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ቀጠነ፤ እንሰቶቹ ሥር ሲደርስ ዘገየ፤ ጓሮው መሐል ላይ መሬቱ ጠጣው። ግድግዳው ጋ የደረሰ የለም። ከላይ የሰዎቹ ጫጫታ ይሰማል። ቦዩ አፉ ድረስ ሞልቶ ውሃውን ይዞት ነበር።

«ውሃው እዚያ ቀረች» አሉ እናትሽ። አፍ የፈቱበት ቋንቋ ስላልሆነ አማርኛቸውን ማረም ከተውኩ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ያን ቀን ግን ከዚያ የበለጠ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር አልሰማሁም።

አዎ ቤቴል፣ እናትሽ ላይ ነው የሞከርኩት። ያን ዕለት መልስ ያጣሁት ስለማላውቀው አልነበረም። እውነት መሆኑን ስላወቅሁ ነው። በአካፋና በሣር የሚሠራ ነገር ሁሉ ከታች በሚኖር ሰው ላይ ነው የሚሞከረው፤ ይህን እያወቅሁ እንዴት እንዳደርኩ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ግን ከትከሻዬ ላይ ወርዷል። እንቅልፌም ተመልሷል፤ ምግቤም።

ከዚያ ወዲህ እድሩ ተሰብስቦ ድንኳን ከቦዩ ርቆ፣ ግቢው መሐል ካለው ዋርካ በላይ ብቻ እንዲተከል ወሰነ። ሐሳቡን ያቀረበው መልከጼዴቅ ነው፤ የራሱ ግኝት አስመስሎ ሲያስረዳ አላቋረጥኩትም። ስንጥቁ በጭቃና በጭድ ተደፍኗል፤ አዲስ ስንጥቅ የለም። ለዘላለም ነው ብዬ ግን አልምልልሽም። ቦዩ በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት ካልተጠረገ ይደፈናል። እኔ እስካለሁ እኔ አስጠርገዋለሁ፤ ደበበም ቃል ገብቷል። ከእንግዲህ መሄድና መቅረቱ የአንቺና የእናትሽ ነው። እኔ በማንም በኩል አልቆምም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ልማዴ ሆኖ ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። ቦዩን አየሁት፤ ይዟል። የእናትሽን በር ብመታ መልስ የለም። ስማቸውን ጠራሁ፤ የለም። በጡጫዬ ደበደብኩት። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፤ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አይናቸውን እያሹ ቆሙ።

«መምህር፣ አንተ ሰው አታስተኛም?»

«ዝናቡ እኮ...» አልኩ።

አንገታቸውን ብቅ አድርገው ግቢውን አዩት።

«ዘነበ እንዴ?» አሉኝ።

አክባሪሽ፣
መምህር ወንድይራድ
ዲላ