የዝገት ዘበኛና ጡሩንባው

ጥቅምት 6

የማታ ትምህርቱ አለቀ። አንደኛ ወጣሁ። እሺ… ሁለተኛ። አንደኛ የወጣችው ልብስ አጣቢዋ ናት፣ እሷም አጠገቤ ስለተቀመጠች ነው። መምህሯ እጃችሁ እንዳይተሳሰር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ ብላለች። ይኸው።

ምን ልጻፍ? ሥራዬ ዘበኛ። የምጠብቀው የተዘጋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። ዝገት ነው የምጠብቀው ማለት ይቻላል፤ እስካሁን አንድም አልተሰረቀብኝም።

ሰፈራችንን ፋብሪካው ነው የወለደው። ቤቶቹን ለሠራተኛ ብሎ በረድፍ ሠራቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት፤ ሞቅ ብሎት የሰው ቤት የገባ ብዙ ነው። (እኔም አንዴ። ራት አበሉኝ።) የሰፈሩ ሰው ሲያወራ ይጮሃል፤ የማሽኑ ድምፅ ጆሮውን በልቶታል። ምስጢር ሲሆን ግን ያለ ድምፅ፣ በከንፈር ብቻ። ማሽን ሥር የለመዱት ነው። መንገድ ተሻግረው በከንፈር ሲተማሙ ይውላሉ። ጡሩንባው ሲነፋ ይነሱ ነበር፣ ሲነፋ ይበሉ ነበር፣ ሲነፋ ይተኙ ነበር። እናቴ ምጥ ላይ ሆና እንኳ "የማታው ተነፋ ወይ?" ብላለች አሉ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ዝም። ሰው የሚበላበትን ሰዓት አጣ… የሚበላውም አነሰ መሰለኝ።

ጥቅምት 9

ሻይ ቤት። ጉራዬን ቸረቸርኩ። ይህን ሰፈር በአንድ ጣት ከአልጋው አስነሳዋለሁ አልኩ። የጡሩንባው ማብሪያ ዘበኛ ቤቴ ውስጥ ነው፣ መብራቱም አልተቆረጠም። ፀጉር አስተካካዩ "አንተ? አንተን ራስህን የሚቀሰቅስህ አጥተህ?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ቆጠቆጠኝ።

የታላቅ እህቴ ባል፣ የእትዬ፣ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘ። የሽመና ማሽን መካኒክ ነው፤ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ቆየ። ሰኞ ጠዋት ካልደረሰ ቦታውን ለሌላ ይሰጡበታል። እሑድ በማለዳው አውቶቡስ ይሄዳል። እትዬ ሸሚዙን እየተኮሰች ታለቅሳለች። የደስታ ነው ትላለች።

ጥቅምት 11

ነፋሁት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ። ለሳቅ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በውስጥ ሱሪው ሲወጣ ለማየት…

በሮች ተከፈቱ። እኔ ስድብ ነበር የጠበቅኩት። እነሱ ግን ቱታቸውን ለብሰው መጡ። ለካ ማንም ቱታውን አልጣለም። ምሳ ዕቃ የያዙ አሉ። አሮጊቷ ክር ፈታይ የሥራ ሻሿን አስራ፣ እየሮጠች። በሩን እየደበደቡ ተከፈተ ወይ፣ ፋብሪካውን የሚገዛ ሰው መጣ ወይ ይሉኛል።

ከዚያ የእትዬን ባል አየሁት። የመሣሪያ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ እያለከለከ። ጡሩንባውን ሲሰማ ከአውቶቡሱ ወርዶ ነው።

"ገዢ ተገኘ፣ አይደል?" አለኝ።

"ይሆናል" አልኩ።

ይሆናል! ከዚያ ሁሉ ወሬዬ ያቺን አንዲት ቃል መረጥኩ። አውቶቡሱ ገና ከመታጠፊያው አልራቀም ነበር። ሩጥ ብዬው ቢሆን ይደርስበት ነበር? ይደርስበት ነበር።

ጥቅምት 13

ዛሬም በሩ ላይ ናቸው። በርጩማ ይዘው የመጡም አሉ።

ጥቅምት 15

እትዬ ምሳ ጠራችኝ። መካኒኩ መፍቻዎቹን ዘይት ይቀባል። ከዚያኛው ከተማ ደውለው ሰው ተክተናል ብለውታል። ይሁን አለ፤ የለመድኩት ማሽን ይሻለኛል፣ የእኛዎቹን በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ አለ። እትዬ ከድስቱ እየጨመረችልኝ፣ ወንድሜ በሩ ላይ ስላለ ቀድሞ ይነግረናል ትላለች። በላሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ያውቃል፤ የሻይ ቤቱን ጉራዬን ያልረሳ እሱ ብቻ ነው። ይስቃል ብዬ ነበር። መሬት መሬት እያየ "አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መላጣውንስ እኔ አይልሃለሁ፤ አፍህን ማን ያይልሃል?" አለኝ።

ጥቅምት 18

አሮጊቷን በሩ ሥር ብርድ መታት። ቤትሽ ግቢ ብላት፣ እኔ ከሌለሁ ማሽኔን ለሌላ ይሰጡብኛል አለችኝ። ሻሿን አልፈታችም።

ንገራቸው እንጂ፣ አንተ ጉረኛ። ምን ያዘህ?

ጥቅምት 20

ነገርኳቸው። መንገር ከተባለ።

መካኒኩ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። መጀመሪያ እሱ ብቻ ይወቅ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይሰማል ብዬ… ድምፄን ውጬ በከንፈሬ ነገርኩት። እኔ ነኝ የነፋሁት። ገዢ የለም። ለቀልድ ነው።

ሞኝ! እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ… በሩ ላይ የቆመው ሁሉ ዕድሜውን በከንፈር ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ሁሉም አዩኝ። ያ ሁሉ ጯሂ፣ አንድም ሰው አልጮኸም። አሮጊቷ ሻሿን ፈታች፣ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። በርጩማዎቹን አነሱ።

መካኒኩ መጨረሻ ቀረ።

"ያን ዕለት ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?" አለ፣ በድምፁ።

"አውቅ ነበር፣ ጋሼ።"

ፊቱን አዙሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጥቅምት 29

በሩ ላይ ማንም የለም። የጡሩንባውን ሽቦ ቆረጥኩት። ሻይ ቤት ስገባ እጃቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ የሚሉትን እንዳላይ።

መካኒኩ ዛሬ በማለዳው አውቶቡስ ሄደ። ዕድሉን ሊሞክር ነው እንጂ የጠራው የለም። ሻንጣውን ልያዝልህ አልኩት። መሬት ላይ አኖረው። ተሸከምኩት። ለካ ከባድ ነው… ያን ዕለት ይህን ይዞ ነው የሮጠው።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አየኝ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"እህትህን አደራ።"

አደራ… ለእኔ?

እትዬ አላናገረችኝም። በባልዲ ውሃ ቀድቼ ደጇ ላይ አስቀመጥኩላት። አመሻሽ ላይ ሳልፍ ባልዲው ባዶውን ውጭ ተቀምጧል። ሞላሁት።