አሥራ አንድ ጊዜ በሰደር

ለተከበሩ የሰፈራችን የነፍሰ ጡር መከታተያ ጣቢያ የበላይ ኃላፊ
ፔታሕ ቲክቫ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እንቅልፍዎ የሞላ፣ ራስዎ ከፍልጠት የራቀ፣ የደም ግፊትዎም ከመቶ ሃያ በሰማንያ የማያልፍ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ካለፈም የሚለካልዎ ሰው ከአጠገብዎ አይጥፋ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን «ይመስገን» የምትባል ቃል እባክዎ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስሜ ሙሉእመቤት ብሩ ይባላል። ከጎንደር ስመጣ ፊደል አልቆጠርሁም ነበር። የእናንተንም የእኛንም ፊደል የተማርሁት ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። የዕብራይስጡን ግልባጭ ልጄ ቢያድግልኝ በፖስታ ልኮልዎታል። ይህን በአማርኛ በጋዜጣ ያወጣሁት ነገሩ የሚመለከታቸው ሴቶች እንዲያነቡት ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፋይሉ አመሰግናለሁ። የልጄ ሚስት የምሥራች በጣቢያዎ ክትትል ስታደርግ ቆይታ ሆስፒታል በገባች በስድስተኛው ቀን፣ ቢያድግልኝ ፋይሏን አስገልብጦ ሲያመጣልኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሦስት ገጽ ዕብራይስጥ እንዴት እወጣዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሠራተኞችዎ ግን አስበውልኛል። በመጀመሪያው ቀን ከተጻፈው መቶ አሥራ ስምንት በሰባ አራት ከሚለው መስመር በቀር፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ አንድ ቃል ነው። ቀኑ፣ በሰደር። ቀኑ፣ በሰደር። ደህና ናት፣ ሁሉ በሥርዓቱ ነው ማለት ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያነበብሁት ቃል ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ጨረስሁት።

ሁለተኛ፣ በጣቢያዎ የግፊት መለኪያ የለም የሚሉ ሰዎች አሉና ስምዎን ልከላከልልዎ። አለ። በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነክንድ መጠቅለያው፣ በደንብ ታጥፎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቁልፉ ነርሷ ሊያት ዘንድ ነው፤ ሊያት ደግሞ ባወጡት አዲስ አሠራር ከሳምንቱ አራቱን ቀን ኤም ሃሞሻቮት የሚባለው ሰፈር፣ ፎቆቹ ዘንድ ትውላለች። ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ የምሥራች ሁለት ጊዜ ከጽዳት ሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ አውቶቡስ ይዛ መጥታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ጸሐፊዋ ከወንበሯ ሳትነሣ ደህና መሆኗን ጠይቃ መልሳታለች። የቀሩት ዘጠኙ በሰደሮች በስልክ የተገኙ ናቸው። እኔ በሃዳር ጋኒም ሰፈር አንዲት አሮጊት ሴትዮ አሥራ ሁለት ዓመት ስጦር ጠዋትና ማታ ግፊቷን እለካ ነበር፤ ፊደል ሳላውቅ ቁጥር አውቅ ነበር። አምስት ደቂቃ አሳርፋታለሁ፣ ጀርባዋን አስደግፋታለሁ፣ እግሯን መሬት አስረግጣታለሁ፣ ክንዷን ከልቧ ትክክል አድርጌ፣ ሳላስወራት እለካለሁ። በስልክም እንደሚቻል የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ደክሜያለሁ።

ሦስተኛ፣ ሰላምታችንን ለምርመራ ስለ ቆጠራችሁልን ክብር ይስጥልን። ክቡር ሆይ፣ ጎንደር ያደገ ሰው ደህና ነህ ወይ ሲባል እግሩ ተሰብሮ እንኳ ቢሆን ይመስገን ይላል። እንዴት ነሽ፣ ይመስገን። ልጆችሽሳ፣ ይመስገን። ለመሆኑ አንቺ ራስሽ እንዴት ነሽ ተብሎ በሦስተኛው ሲጠየቅ ነው «ኧረ ወገቤ አላስተኛ ብሎኛል» የሚባለው። የመጀመሪያው ጥያቄ በር ማንኳኳት ነው፤ ሠራተኞችዎ አንኳኩተው ይሄዳሉ። የምሥራች እዚህ አገር ከገባች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። በሰደርን ከያዘች ወዲህ «ይመስገን» ለማለት በፈለገች ቁጥር እሱን ትላለች። እሷ ሰላምታ ትመልሳለች፣ እናንተ የጤና ማስረጃ ትጽፋላችሁ።

አራተኛ፣ ስለ አሥራ አንደኛው። እሑድ ዕለት በስልክ በሰደር ተባለ። ረቡዕ ጠዋት የምሥራች ብርጭቆ አነሣለሁ ብላ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ ጨበጠች። ፊቷ አብጧል፣ ቀለበቷም ከጣቷ አልወጣ ብሏል። ምነው ልጄ አልኋት፤ ይመስገን እማማ አለችኝ። ፊትሽ ምን ሆነ አልኋት፤ ይመስገን። ክንዷን ይዤ አስቀምጬ በሦስተኛው ስጠይቃት፣ ሳምንት ሙሉ ራሷን ሲፈልጣት እንደ ሰነበተ፣ በዓይኗ ፊትም ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር እንደምታይ ነገረችኝ። ታዲያ ምነው ዝም አልሽ ብላት፣ «አማት ፊት ምን ተብሎ ይታመማል» ብላ ለመሳቅ ሞከረች። አሮጊቷ ስትሞት ልጆቿ የሰጡኝን መለኪያ ከቁም ሣጥኔ አወጣሁ። መቶ ስድሳ አራት በመቶ ስምንት። አሳርፌ ደገምሁት፤ መቶ ስድሳ ስድስት በመቶ አሥር።

ወዲያው ሆስፒታል ወሰድኋት፤ በዚያው ቀን በቀዶ ጥገና ወለደች፤ ሕፃኗ በሠላሳ ሦስተኛ ሳምንቷ፣ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ሆና ተወለደች። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ከሙቀት ሣጥኑ አልወጣችም፣ ጡትም አልጀመረችም። እናትየዋ ቤት ገብታ መድኃኒት እየወሰደች ነው። ግፊቷ ይወርዳል፣ ደግሞ ይነሣል። ከወለዱ በኋላም እንደሚነሣ ሐኪሙ ነግሮናል።

እዚህ ላይ ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ጋር አንድ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። መለኪያው ያን ሁሉ ወር እኔም ቤት ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉም በእኔ እጅ ነበር። ጣቢያ አለ ብዬ አላወጣሁትም። በየጠዋቱ አንድ ጊዜ እጠይቃታለሁ፣ አንድ ጊዜ ትመልስልኛለች፣ ወደ ጉዳዬ እሄዳለሁ። እኔ ነርስ አይደለሁም እያልሁ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬ አልሆነልኝም። ልዩነታችን እኔ በሰደር ብዬ አለመጻፌ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ከወለደች በኋላ ላቀረብነው አቤቱታ ስለ ሰጡን ፈጣን መልስ። «ታካሚዋ በክትትሉ ጊዜ ምንም ቅሬታ አላቀረበችም» ይላል። እውነት ነው፤ ቅሬታ ባለማቅረቧ ቤተሰቡ በሙሉ ይቅርታ ይጠይቃል። እኛ ግን ግፊት የሚለካው አፍ አውጥቶ ስለማይናገር ይመስለን ነበር። በዚያው ደብዳቤ የስልኩ ክትትል ጥሩ ውጤት በማሳየቱ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወደ ሌሎች ሰፈሮች እንደሚሰፋ አብሥረውናል። እኔ ባለሁበት ሕንጻ ብቻ ሦስት ነፍሰ ጡሮች አሉ፤ ሦስቱም በደንብ ያደጉ ናቸው፣ ሲጠየቁ ይመስገን ይላሉ።

አዲስ ቤት፣ አዲስ መሣሪያ አልለምንም። ቁም ሣጥኑ ይከፈት፤ በቀኑ ፊት ለፊትም ቁጥር ይጻፍ። ቁጥር ከሌለ ቦታው ባዶ ይተው። ባዶ ቦታ ሰው ያስደነግጣል፤ በሰደር ያስተኛል። ቁልፉ እስኪገኝ ድረስ እኔ መለኪያዬን ይዤ እሑድና ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከጣቢያዎ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ። ወንበር አያስቸግሩ፤ ይዤ እመጣለሁ።

ዕድሜና ጤና ለእርስዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ ለስልክዎም እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤

የራሷ ግፊት ዛሬ ጠዋት መቶ አርባ ስምንት በዘጠና የሆነባት፣
ሙሉእመቤት ብሩ

የተረሳ፦ ባለፈው እሑድ ሠራተኛዎ የምሥራችን ለመጠየቅ ደውላ ነበር። ምራቴ ሕፃኗ ዘንድ ሆስፒታል ስለ ነበረች ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ደህና ነሽ ወይ አለች፣ ሁሉ በሰደር ነው ወይ አለች። በሦስተኛው እመልስላታለሁ ብዬ ዝም አልሁ። ትንፋሼን ብቻ ሰምታ «በሰደር» አለችና ዘጋችው። ቢያድግልኝ ትናንት ፋይሉን በድጋሚ አስገልብጦ አምጥቶልኛል። አሥራ ሁለት ሆኗል።