በልዳዶስ በሆሴዕ ሱቅ በር ላይ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዛሬም ጠየቅሁ። ምን ላድርግ... አፌ ቀደመኝ።

ጋሽ ዕንባቆም በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ለፈተና እያበረታቱ ነበር። «ጳውሎስ ሁሉን እችላለሁ ይላል። ሁሉን ካለ ሒሳብም አለበት።» ልጆቹ አሜን አሉ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥር እናንብበው? መጥገብንም መራብንም ለመድኩ ነው የሚለው። እችላለሁ ያለው ረሃቡን ነው እንጂ ሒሳቡን ነው እንዴ?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ጋሼ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «ጊዜያችን አልቋል፤ እንጸልይ።»

ግማሽ ሰዓት ይቀረን ነበር። ሲጨንቃቸው ሁሌም እንዲሁ ናቸው።

ታሪክ አጥንቼ ተመረቅሁ። ማን ተናገረው፣ ለማን፣ መቼ... አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ዲግሪው ሥራ አላስገኘልኝም፤ አመሉን ግን ተክሎብኝ ቀረ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ወሬ ተገኘ። ጋሼ ጉልበታቸውን እያመማቸው ስለሆነ ከኅዳር ጀምሮ የልጆቹን ጥናት ለሌላ ሰው ያስረክባሉ። የኔም ስም ተነሥቷል አሉ።

በጣም ፈለግሁት። ከተመረቅሁ ወዲህ ማን ነይ አለኝ? ማስታወቂያ ሳነብ ነው የምውለው።

እማዬ፦ «እስኪመርጡሽ ድረስ ዝም በይ። ከዚያ በኋላ አንቺው ጠያቂ፣ አንቺው መላሽ።»

እችላለሁ። ሁሉን እችላለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዝም አልኩ። ጋሼ ሁለቴ ዞረው አዩኝ። «አሞሻል እንዴ፣ ልጄ?»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

አበላሸሁት።

ወንድሜ ሆሴዕ መናኸሪያው አጠገብ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ዘመድ ከሌሞ በጋሪ፣ ከጊምቢቹ በሚኒባስ መጣ። እማዬ በቅቤ የራሰ የእንሰት አታካና አቀረበች። በሩ ላይ ጋሼ የመረጡለት ቃል በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ «ጅማሬህ ታናሽ ቢሆን እንኳ ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል።» በየባጃጁ የተለጠፈው ቃል።

ጋሼ ሱቁን ባረኩና «እግዚአብሔር ለሆሴዕ እንዲህ ይለዋል» አሉ።

እግዚአብሔር? ዝም በይ፣ ሶስና። አታካናሽን ብዪ...

«ጋሼ፣ ይህን ያለው በልዳዶስ አይደል እንዴ?»

«በልዳዶስ ደግሞ ማነው?» አለ ሆሴዕ።

«የኢዮብ ጓደኛ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር፣ ስለ እኔ ትክክል አልተናገራችሁም ብሎ ከተቆጣቸው አንዱ።»

ሆሴዕ በሩን አየ። እኔን አየ። «አንቺ፣ ቀለሙ እኮ ገና አልደረቀም።»

ጋሼ ክንዳቸው ላይ ሰዓት ፈለጉ። አላሰሩም። «እንጸልይ» ብቻ አሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

እማዬ አታናግረኝም። ሆሴዕ ያናግረኛል፤ ባያናግረኝ ይሻል ነበር። ጠዋት ሻይ ሲቀዳልኝ «ይሄ የእግዚአብሔር ነው ወይስ የበልዳዶስ?»

የአስጠኚነቱ ቦታ ግን ሄደ። በቃ ሄደ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ልቀር ነበር። ሄድኩ።

«ኢዮብ ምዕራፍ ስምንት፣ ከመጀመሪያው። ሶስና ታንብብ» አሉ ጋሼ። ቅጣት መሰለኝ። ቁጥር አራት ላይ አስቆሙኝ። በልዳዶስ ልጆቹን ለቀበረ አባት፣ የሞቱት በድለው ነው የሚለው እዚያ ጋ ነው። እኔ ሰውዬውን ለማጋለጥ ስሮጥ ይህን መች አየሁት?

«ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «ልጄ የሞተች ጊዜ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ይህንኑ አለኝ። እኔ ደግሞ ይኸው ቁጥር ሰባትን፣ ያን የሱቁን በር ቃል፣ ለሰው ሳድል ኖርኩ፣ ከእሱ አፍ መውጣቱን ሳላይ።»

ሰዓቱን አላዩም። ጊዜው አልፎ ነበር እኮ።

ስንወጣ ጠሩኝ። «ጥያቄሽ ደግ ነው። ግን ልጄ... በሰው ሱቅ ምርቃት፣ የሰው አታካና እየበላሽ?»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ተመረጥኩ። ስሜን ያቀረቡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ምን አስበው ይሆን?

እማዬ ማናገር ጀመረች። ሆሴዕ የበሩን ጽሑፍ አላስጠፋውም። ከቃሉ ሥር በትንሹ «በልዳዶስ» ብሎ ጨመረበት። ሰው «ማነው ይሄ?» እያለ ይገባል፣ ስልኩን ሰጥቶ ይወጣል። የሱቁን ባለቤት በልዳዶስ ብለው የሚጠሩትም አሉ። ሆሴዕ አቤት ይላል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

የመጀመሪያ ቀኔ። ያስጠናሁት ኢዮብን ነው፤ ሌላ ምን? ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ማን ተናገረው? ለማን? ለምን? ልጆቹ ይገለብጣሉ። ደስ ሲል... ዲግሪዬ ሥራ አገኘ አልኩ በሆዴ።

ጋሼ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አወጡ።

«እህት ሶስና፣ ጥያቄ ነበረኝ።»

እህት አሉኝ።

«መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የኢዮብ ፍጻሜ ከጅማሬው በዝቷል። በልዳዶስ እንዳለው ሆነ ማለት ነው። ታዲያ እግዚአብሔር በምኑ ተቆጣው?»

ይህን... አላሰብኩትም። ልጆቹ እስክሪብቶ ይዘው መልሴን ይጠብቃሉ። የጋሼ ፊት ላይ ምንም የለም፤ ጢማቸው ብቻ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ዞር ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

«ጊዜያችን አልቋል» አልኩ፤ «እንጸልይ።»

አርባ ደቂቃ ይቀረን ነበር።