ሆድ የሌለው ሸራ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ለጥርስ ክሊኒኩ አሥራ አራት መጋረጃ ታዝዣለሁ። ዘጠኙ አለቀ። ወገቤ ተቆረጠ። የክሊኒኩ ጸሐፊ መጥታ "ቀለሙ ትንሽ አልደመቀም?" ትላለች። ራሷ መርጣ!

ሱቁን ዘግቼ በአባዬ ቤት በኩል አለፍኩ። እንደ ሁልጊዜው ጋራዥ ውስጥ ነበር። በሪሞት የምትነዳው አዲሷ ጀልባ ቀለም ተቀብታ እንዲደርቅ ተሰቅላለች። ከአንድ ሜትር ብዙም አትበልጥም፤ ግን ቀና ብለው ሲያዩዋት መርከብ ናት። አባዬ ሰባ ሦስት ሞላው። ዕድሜውን በሙሉ አናጢ ነበር፤ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት ሆነው። ሻይ ሲይዝ ግማሹ ሳህኑ ላይ ነው። መሮ ሲይዝ ግን... እንጃ፣ ትንሽ ይሻለዋል።

ሸራው የሚሰፋበትን ፎርማ አሳየኝ። ጀርባው ጎበጥ ያለ እንጨት ነው፤ እሱን ለመጥረብ ሦስት ወር ፈጀበት።

"ይቺ ፈተናዬ ናት። ጀልባዋ ከሄደች እጄ አለ ማለት ነው። ካልሄደች መሮዬን ሰብስቤ እዚያ ማዕዘኑ ላይ ላለው አናጢ እሰጠዋለሁ።"

"ምን ታሟርታለህ አባዬ" አልኩት። መሮውን ከሰጠ ምን ሆኖ ይውላል? ግድግዳ ሲያይ?

የጀልባ ክበቡ ውድድር ቅዳሜና እሑድ ነው፤ 21 እና 22፤ በመናፈሻው ኩሬ ላይ። በዚህ እጁ ሪሞት መያዝ አይችልም። እንግዲህ እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ሌላ ሰው አለ።

የታናሽ እህቴ ባል! ፋርማሲስቱ። አባዬ ሪሞቱን ለእሱ ሰጠው። በልቤ "ጨዋው" ነው የምለው፤ ሰው ሁሉ "አቤት ጨዋነቱ!" እያለ ስላሰለቸኝ። አባዬ ዘንድ እሑድ እሑድ መምጣት ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ። ሁለት! እኔ ሃያ ዓመት ብርጭቆ ወረቀት ፈትጌያለሁ። ጥፍሬ ውስጥ የገባው የእንጨት ብናኝ ብቻ አንድ ወንበር ይወጣዋል።

"ለምን እሱ?" አልኩ።

"አንቺ ትቸኩያለሽ። ንዴትሽ ጣትሽ ላይ ይወርዳል። አምና ኳሷን እንዴት እንደገጨሻት ረሳሽው?"

ጀልባዎቹ የሚዞሩባትን ብርቱካናማ ኳስ ማለቱ ነው። አልረሳሁም። ዳኛውን የተሳደብኩትንም አልረሳሁም። ግን ዳኛው ዓይኑ አያይም እኮ!

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ። ይኸው ልጡን ነከሩብኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ልምምድ ነበር። ምነው ባልሄድኩ።

እህቴ ታጣፊ ወንበሯ ላይ ሆና፣ ቴርሞሱን ታቅፋ ባሏን ታያለች። ያላት ነገር ሁሉ የሚያምር፤ ወንበሯ እንኳን የጽዋ ማስቀመጫ አለው። ሁሉ የሞላላት።

የከፋው ምን መሰለሽ? ሰውየው ይችላል። አይቸኩልም። ነፋሱ ሲሞት ዝም ብሎ ይጠብቃል። አባዬ ከጎኑ ቆሞ "አሁን... አሁን... አዎ ልጄ!" ይላል። ልጄ? አንጀቴ አረረ።

ከዚያ ዞሮ "እትዬ፣ ትሞክሪያታለሽ?" አለኝ። እትዬ! በሁለት ዓመት ብበልጠው ነው። "ይቅርብኝ፣ እጄን በርዶኛል" አልኩት። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

መጋረጃ። መጋረጃ። እህቴ ደወለች፤ አላነሳሁም።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

አባዬ የሸራውን ጨርቅና ፎርማውን ላከልኝ። በማን? በጨዋው። ፎርማውን እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣው። "ሱቅሽ እንዴት ያምራል" አለ። ውሸታም፤ ወለሉ ክር በክር ነበር።

ሸራው ሦስት ቁራጭ ነው። ቁራጮቹ ፎርማው ጀርባ ላይ ተወጥረው ሲጋጠሙ ሸራው ሆድ ያወጣል፤ ያ ሆድ ነው ለስላሳዋን ነፋስ የሚይዛት። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ከተጋጠሙ ግን ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ለስላሳ ነፋስ እላዩ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ተኝቶ ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም።

ለምንድነው ይህን የምጽፈው? እኔ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ጠረጴዛ ላይ ሰፋሁት።

ፎርማውን ከነፎጣው ከወንበሩ ሥር አስቀመጥኩት። አልፈታሁትም። አርባ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ አንድ እንከን የሌለው... ያምራል።

ጨዋው እስቲ በዚህ ይንዳ! ልየው "አቤት ጨዋነቱ" ሲባል።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ሸራውን ወሰድኩለት። ጋራዡ ውስጥ ነፋስ የለም፤ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ዝም አለ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ክሩን እኔ አሰርኩለት።

"በደንብ እየው እንጂ" አልኩት። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

"አንቺ የሰፋሽውን ምን አያለሁ? ስንት ዓመት የሰፋሽልኝ" አለና ሳቀ።

እራት ብዪ ቢለኝ... አልበላም ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

አሥራ አንድ ጀልባ። ነፋሱ እንደ ሕፃን ትንፋሽ። በመጀመሪያው ዙር አሥራ አንደኛ። በሁለተኛው አሥረኛ፤ ያውም የአንዱ ባትሪ አልቆ። በሦስተኛው ደግሞ አሥራ አንደኛ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። የመጀመሪያው ዙር ላይ ልቤ ቅቤ ጠጣ። የጨዋው ግንባር በላብ ረጥቦ "ምን አጠፋሁ? ምን አጠፋሁ?" ሲል ሰማሁት። እሰይ! አልኩ።

ከሦስተኛው በኋላ አባዬ ጀልባዋን ከውኃ አውጥቶ ሸራውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ለረጅም ጊዜ። አሁን ያውቃል አልኩ።

"ሆድ የለውም" አለ።

ጨዋው "እኔ ነኝ አባባ፣ አነዳዴ ነው" አለ።

"አይደለም ልጄ። ስፌቱም አይደለም፤ ስፌት የእሷ ነው፣ አይሳሳትም። ፎርማው ነው። ጉብታውን አሳስቼዋለሁ። ዓይኔ የጎበጠ ይመስለዋል፣ እጄ ግን ጠፍጣፋ ነው የጠረበው።" እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አየው። "በቃ፣ አልቋል" አለ።

ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ሰው... አላለቀሰም። ግን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ ሳያደርገው ኪሱ ከተተው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ሄድኩ። መሮዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር፤ በየተራ፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ። አንጀቴን በላው። ቁጭ ሳልል ተናገርኩት።

"ፎርማው ላይ አልሰፋሁትም። ጠረጴዛ ላይ ነው የሰፋሁት።"

"ምን?"

"ፎርማህን አልነካሁትም። ከፎጣው አልወጣም።"

"ሆን ብለሽ?"

"ሆን ብዬ።"

እኔ ጩኸት እየጠበቅኩ ነበር፤ በጥፊ ቢለኝም አልፈርድበትም። እሱ ግን የሚያየው እኔን አይደለም። እጆቹን ነው።

"እንግዲያው ፎርማው ደህና ነው?"

"ደህና ነው አባዬ።"

"እርግጠኛ ነሽ? በእጅሽ ዳስሺልኝ እስቲ።"

ከመኪና አምጥቼ ፈታሁት፤ ዳሰስኩት። አንድ ጉድፍ የለውም። "እንደ እንቁላል ነው" አልኩት። ሳቀ! እንደ ልጅ ሳቀ። መሮዎቹን መልሶ ይፈታ ጀመር። እኔ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ስላልተቆጣኝ ቅር አለኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ነው የጠራኝ። ድምፁ ተለውጧል።

"አንቺ። ሁለተኛ ቂምሽን በእኔ ሥራ ላይ እንዳትሰፊ።"

"እሺ አባዬ።"

"ነገ ለእሱም ራስሽ ትነግሪዋለሽ።"

እሑድ፣ መጋቢት 22፣ ጠዋት

ጎህ ሲቀድ ጀመርኩ። ከተረፈው ጨርቅ ቆርጬ፣ በፎርማው ላይ፣ ሦስቱንም ቁራጭ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሸራውን ወደ መስኮቱ ሳነሳው ሆዱን ነፋ። እንዴት ያለ ፎርማ ነው የጠረበው እባካችሁ... በዚያ እጅ።

እሑድ፣ አመሻሽ

ለጨዋው ነገርኩት። ኩሬው ዳር፣ ወደ ጎን ጠርቼ፣ ጫማዬን እያየሁ።

መጀመሪያ ጆሮው ቀላ። "እኔ እኮ ትናንት አባባን አዋረድኩት ብዬ ምግብ አልበላሁም" አለኝ። ከዚያ፦ "እትዬ፣ ሪሞቱን ለእሷ ስጣት ብዬው ነበር። ሁለት ጊዜ።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምነው ተሳድቦኝ ቢገላግለኝ! ጨዋ ሰውን መበደል ከባድ ነው፤ መልስ አይሰጥሽም።

በአዲሱ ሸራ ሁለተኛ ወጣን። አባዬ አገጩን ቀና አድርጎ ቆመ። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ተነሣ። ዝም ብሎ መነሣት አይደለም፤ የሰው ባርኔጣ ኩሬ ገባ። ያ የተነፋ ሆድ አሁን ጠላት ሆነ፤ ጀልባዋ በጎኗ ተኝታ ምሰሶዋ ውኃ ይጠጣል። ስድስተኛ።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። "ጠፍጣፋውን ይዘሻል?"

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ልጥለው አስቤ። አሰርኩት። ጀልባዋ ቀጥ አለች! ነፋሱ ሌሎቹን እየገለበጠ እሷን እየገፋ... የመጨረሻውን ዙር አንደኛ ወጣን። በጠቅላላው ሰባተኛ ነን፤ ግን ማን ሰባተኛን ያያል?

የጀልባ ክበቡ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው መምህር፣ መጥቶ ሸራውን ነካ ነካ አደረገ። "ለነፋስ ቀን ጠፍጣፋ! ይህን ማን አሰበው?"

"ልጄ ናት" አለ አባዬ፣ ፈገግ እንኳን ሳይል። "በደንብ አስባበት ነው የሰፋችው።"

ላብ አሰመጠኝ። ጨዋው አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ።

ጭብጨባው ለጨዋው ነበር። አዎ፣ አቃጠለኝ። ትንሽ። ግን እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ እስኪቀላ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

አባዬ ለሁለቱ ሸራዎች ከረጢት አሰፋኝ። ራሱ ጻፈባቸው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈቱ። አንዱ ላይ "የለስላሳ ነፋስ"። ሌላው ላይ "የቅናት"።

"አጥፋው አባዬ፣ ሰው ያያል!"

"ይየው። ጥሩ ሸራ ነው።"

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

ኩሬው ዳር ዋልን። ሪሞቱን እኔና ጨዋው እየተቀባበልን ነው። ዛሬ ኳሷን አንድም ጊዜ አልገጨሁም። አንድ ጊዜ ልቸኩል ስል "ትንፋሽ ውሰጂ እትዬ" አለኝ፤ ወሰድኩ። አባዬ ለሁለተኛ ጀልባ ፎርማ መጥረብ ጀምሯል። ነፋሱ ሲነሣ "ቅናቷን አውጪያት!" ብሎ ይጮኻል፤ ሦስታችንም እንስቃለን።

እቃ ስንሰበስብ እህቴ ቴርሞሱን በኃይል ከደነችው። "ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ምንም።"

"ንገሪኝ እንጂ።"

"እናንተ ሦስታችሁ አላችሁ፤ የራሳችሁ ሳቅ፣ የራሳችሁ ወሬ። እኔ ሻይ ተሸካሚ ነኝ። አባዬ አንድ ቀን 'ነይ ይህን ያዢ' ብሎኝ አያውቅም። ከልጅነታችን ጀምሮ አንቺን ነበር የሚጠራው።"

ዓይኗን አየሁት። ያቺን ዓይን አውቃታለሁ። አንድ ወር ሙሉ መስታወት ውስጥ አይቻታለሁ። እኔ ሁሉ የሞላላት ስል እሷ ከዚያ ወንበር ላይ ሆና እኔን ስታይ ኖራለች?

"ሰኞ ከሥራ በኋላ ሱቅ ነይ" አልኳት። "ጨርቁ ፎርማው ላይ እንዴት እንደሚወጠር አሳይሻለሁ። የአዲሷን ሸራ አብረን እንሰፋለን።"

"እኔ ክር በመርፌ ማስገባት እንኳን አልችልም እኮ።"

"ትለምጃለሽ።"

ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ። ሸራው የእኔ ነበር፤ የብቻዬ። ብትበልጠኝስ? አባዬ እሷንም "ስፌቷ አይሳሳትም" ቢላትስ?

ትምጣ። መርፌ ወፍራሙን አዘጋጅቼላታለሁ፣ ቀዳዳው ሰፊውን።