የማንቂያ ደወል ባለሙያው የአቶ አንሙት ድረስ የሕይወት ታሪክ እና በሕዝብ ፊት እንዲነበብ የተዉት ቃል

አቶ አንሙት ድረስ ከአባታቸው ከቄስ ድረስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጤናዬ፣ ከአማኑኤል ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ ጥቅምት 14 ቀን 1963 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ 12 ነው የሚሉ ዘመዶች አሉ፤ አባታችን በዳዊታቸው ሽፋን ላይ የጻፉት ግን 14 ስለሚል የጻፍሁት እሱን ነው።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም አባታችን ከሁለቱ ወንድ ልጆች አንዱ ይማር፣ አንዱ ከበሬው ጋር ይቅር ብለው ስለ ወሰኑ፣ አቶ አንሙት በአማኑኤል፣ ቀጥሎም በደብረ ማርቆስ ተምረው በ1982 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጸሙ። ከበሬው ጋር የቀረው ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ገዳሙ ነው። ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ጽሑፉ ላይ ስሕተት የሚለቅም ሰው ካለ ይህን ይወቅልኝ።

ከትምህርት በኋላ ደብረ ማርቆስ ከአንድ ሬድዮ ጠጋኝ ዘንድ ገብተው ሙያ ለመዱ፤ በ1990 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በ1992 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሥራነሽ ጋር በቁርባን ተጋብተው ወንጌላዊትን እና ምስጋናውን ወልደዋል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የሌባ ማንቂያ ደወል መትከል ጀመሩ። በአማኑኤልና በደብረ ኤልያስ በኩል ወፍጮ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሳይቀር በር ሲነካ የሚጮኸው አብዛኛው ደወል የእሳቸው እጅ ነው። አንዱን መጋዘን ሠርተው ባስረከቡ በሳምንቱ ደወሉ ጮኾ ሰፈሩ ዱላ ይዞ ቢወጣ፣ ውስጥ የተገኘው ቁልፉን የያዘው ሰው ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አቶ አንሙት ማንንም አያምኑም ነበር። እኔም እንደዚያው።

በ2003 ዓ.ም. ቀድሞ የመብራት ቆጣሪ ያነብ የነበረውን ይስማውን ተቀብለው ሙያውን አስተማሩት። አብረው ሠሩ፤ በአንድ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበርም ጽዋ ጠጡ።

ኋላ ግን ደንበኛው ሁሉ ፈቃድ የሌለው ሰው ሽቦ አይዘረጋልኝም ማለት ጀመረ። መብራት ባይነኩም፣ ለደወል የሚሆን አነስተኛ ቮልቴጅ ብቻ ቢሆንም፣ የብቃት ምዘና አልፎ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አቶ አንሙትና ይስማው አብረው ተመዘኑ። የጽሑፉን አለፉ። የተግባሩ ፈተና በእንጨት ሰሌዳ ላይ የበር መቆጣጠሪያ፣ የጭስ ጠቋሚና ደወል አገናኝቶ ማስጮኽ ነበር። ጠዋት የሁለቱም ጮኸ። ከምሳ በኋላ መዛኞቹ ሲነኩት የይስማው ጮኸ፣ የአቶ አንሙት ዝም አለ። ተማሪው አለፈ፣ አስተማሪው ወደቀ። ሰሌዳዎቹ ጎን ለጎን ነበሩ። እንግዲህ ማን ነካው? ይህን የሚጠይቀው እኔ ብቻ አልነበርሁም።

በዚያው ዓመት ኅዳር 12 ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። ጽዋው ሊዞር ሲል አቶ አንሙት ብድግ ብለው፣ “ሽቦዬን የቆረጠ ሰው ከኔ ጋር ከአንድ ጽዋ አይጠጣም” አሉ። ስም አልጠሩም፤ ሁላችንም ግን ዞረን ይስማውን አየነው። ይስማው፣ “ጋሼ፣ ይህን ያሉት ከልብዎ ነው?” ብሎ ጠየቀ። ነጠላውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበር አልተመለሰም። ሥራም ነሣነው፤ እጁ አይታመንም ብዬ ወፍጮ ቤት ለወፍጮ ቤት የተናገርሁት እኔ ነኝ። እናቱ ሲያርፉ ከቤታችን ለለቅሶ የሄደ የለም።

ሁለተኛው ምዘና በመጋቢት፣ በዓቢይ ጾም ሆነ። አቶ አንሙት ቀኑን የመረጡት አስበው ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ለምሳ ብለው ከሰሌዳው አይነሡም። ሌላው ወጥቶ ሲገባ እሳቸው ሰሌዳቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። እኔ ደግሞ ይስማው እንዳይገባ የግቢው በር ላይ ቆሜ ዋልሁ። አልመጣም። የነቃብን መስሎኝ ነበር። ደወሉ ጮኸ፤ አቶ አንሙት ፈቃዳቸውን አወጡ። ይስማው ሰሌዳውን ስላልነካባቸው አለፉ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርሁ።

ባለፈው ዓመት ስኳርና ኩላሊት ተደራርቦባቸው አልጋ ያዙ። ስለ ሕክምናው የምለው ነበረኝ፤ ሥራነሽ ተው ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የንስሐ አባታቸው ባሉበት አስጠሩኝና ከትራስ ሥር አንድ ሽቦ አውጥተው ሰጡኝ። የወደቁበት ሰሌዳ ሽቦ ነው። የሽቦ የላስቲክ ልባስ ሁልጊዜ በጥርሳቸው ነበር የሚልጡት፤ ይስማውንም ያስተማሩት እንደዚያው ነው። የጥርሳቸው ምልክት ባለበት ቦታ የውስጡ መዳብ ተበጥሷል። ጠዋት በአንድ ክር ይዞ፣ ከሰዓት የለቀቀው እሱ ነው። ይህን ያወቁት ከሁለተኛው ምዘና በፊት ነው። ያለፉትም የሽቦ መላጫ ጉጠት ገዝተው ስለሄዱ ነው።

“ታዲያ ለምን ሰሌዳውን ሲጠብቁ ዋሉ? እኔንስ ለምን በር ላይ አቆሙኝ?” አልኋቸው።

“ባልጠብቅማ ታውቅብኝ ነበር፣ ገዳሙ” አሉኝ።

የንስሐ አባታቸው፣ “በማኅበር ፊት ያጠፋኸውን ስም በኔ ጆሮ ብቻ አትመልሰውም” ብለዋቸው ነበር። አቶ አንሙት ማኅበሩ ድረስ የሚሄዱበት ጉልበት ስለሌላቸው በቀብራቸው ቀን ይነበብ ብለው አዘዙ። ይህን ክፍል አውጣው ያሉኝ ዘመዶች አሉ፤ ማን ማን እንደሆኑ አውቃለሁ። አላወጣሁም። እኔ በበኩሌ ሰባት ዓመት የጠረጠርሁትን ሰው በአንድ ቀን ማመን አልሆነልኝም፤ ሽቦው ግን ኪሴ ውስጥ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይይ። ይስማው አልቆረጠም።

አቶ አንሙት ድረስ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሥራነሽን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናቱን ያድልልን።

ይህን የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። ይስማው ከድንኳኑ በስተኋላ ከቆሙት ጋር ነው፤ ሲገባ አይቼዋለሁ። ወንድሜ ይስማው፣ ሟች እግዚአብሔር ይፍታህ በለኝ ብለውሃል። ስምህን በየወፍጮ ቤቱ ያዞርሁት እኔም እዚሁ ቆሜአለሁ። አንተ እስክትመልስ ሬሳው አይነሣም።